ዝውውር የጠየቀው ምንጭ

ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ ጎኔን ላሳርፍ ብዬ ጋደም እንዳልኩ ሕልም ወሰደኝ። በሕልሜ ከአሥራ አንድ አገር የመጡ ሊቃውንት ደጃችን ላይ ተሰልፈው ነበር።

ሊቃውንቱ ወደ ሕልሜ ከየት እንደገቡ አስቀድሜ ልናገር። ስሜ ይመኙሻል ነው፤ የምኖረው መርሳ ከተማ ጫፍ፣ ገደል አፋፍ በምንለው ሰፈር ነው። ባለፈው ዓመት የአሥራ አንድ አገር ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚሠሩት ጥናት ወደ ሰፈራችን መጣ። የዓለም ሀብት ለምን ጥቂት ሰው ዘንድ ተከማችቶ ብዙው ሰው ዘንድ እንዳነሰ፣ ወደፊትስ ምድሪቱ ሳትጎዳ ሁሉም የሚበቃውን እንዲያገኝ ምን መደረግ እንዳለበት ያጠናሉ አሉን። አሥራ ሁለት ቤት በዕጣ ሲመረጥ አንዱ የእኔ ሆነ። በዕድሜዬ ዕጣ ወጥቶልኝ ስለማያውቅ ደስ አለኝ።

ጠያቂው ኖላዊ የሚባል ትሑት ወጣት ነው። እንደሚመጣ ስሰማ ከጎረቤቴ ከእትዬ ዘይነባ ወንበርና ብርጭቆ ተውሼ፣ ያለችኝን አንዲት ዶሮ አርጄ ጠበቅሁት። ኖላዊ የዶሮዋን እግር በእጁ እንደያዘ «እናቴ፣ ባለፈው አንድ ወር ምግብ ጎድሎባችሁ ያውቃል?» አለኝ። ዶሮ እየበላ ላለ እንግዳ አዎ ተብሎ እንዴት ይመለሳል? «ተመስገን፣ ምንም አልጎደለብንም» አልኩት። «ውሃ ቀድቶ ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?» ሲለኝም «ቅርብ ነው፣ አሥር ደቂቃ» አልኩ። ሩቅ ነው ብዬ ብነግረው ብርጭቆውን ሳይጠጣ የሚያስቀምጠው መሰለኝ።

በኋላ ስንጠያየቅ አሥራ ሁለታችንም እንደዚያው ብለናል። ጥናቱን ያነበበ አንድ ድርጅት የውሃ ቦኖ ሊተክል መጣና ካርታውን ዘረጋ። ገደል አፋፍ የውሃ ችግር የለበትም ብሎ ቦኖውን ከድልድዩ ማዶ ተከለው። የማዶዎቹ ጠያቂው ሲመጣ ባዶ ጀሪካን ደርድረው ነበር የጠበቁት። አሁን ከቦኖው የሚቀዳው የማዶ ነዋሪ ብቻ ነው።

ልጄ ሰርካለም ዘጠነኛ ክፍል ናት። እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ጠዋት ወደ ምንጩ የምትወርደው እሷ ናት። ገደሉን ወርዶ፣ ተሰልፎ፣ ቀድቶ መውጣት ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነው፤ በየቀኑ ያመልጣታል። መምህሯ «በዚሁ ከቀጠለች ፈተና አትቀመጥም፤ ክፍል ትደግማለች» የሚል ደብዳቤ ላከልኝ። የጎልማሶች ትምህርት ከገባሁ ወዲህ ማንም ሳያግዘኝ አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ እሱ ነው።

ታዲያ ድርጅቱ ሁለተኛ ቦኖ ሊተክል ነው፤ ቦታውም በዘንድሮው መልስ ነው የሚወሰነው ተባለ። ኖላዊ ሰኞ ይመጣል። ቅዳሜ ሰርካለም አጠገቤ ቁጭ ብላ «እማዬ፣ አደራሽን፣ ዘንድሮ እንዳታፍሪ። እውነቱን ንገሪው። እኔ ብሆን አላፍርም» አለችኝ። እሺ አልኳት። መልሱን ደብተሬ ላይ አሥር ጊዜ ጻፍኩት። እሑድ ጋደም ስል እሱኑ እያጠናሁ ነበር።

በሕልሜ ደጁን ስከፍት ሰልፉ እስከ መስጊዱ ደርሷል። ሊቃውንቱ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ እያንዳንዳቸው የሚቀመጡበትን ዱካ ይዘው ቆመዋል። እትዬ ዘይነባ ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሰልፍ ያስከብራሉ።

«አንተ ባለመነጽር፣ አትጋፋ» አሉት አንዱን ሽማግሌ ፕሮፌሰር። «ዲግሪ እዚህ ሰልፍ አያሳልፍም።»

«ምን ፈልገው ነው እትዬ ዘይነባ?» አልኳቸው።

«ናሙና ናቸው። ዕጣ ደርሷቸው ነው። ጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ቶሎ በይ ይመኙሻል፣ የሰው ልጆች ናቸው፣ ፀሐይ ላይ አታቁሚያቸው።»

መጠይቁን ሰጡኝ። ወረቀቱ የአልጋ ልብስ ያህላል። ፕሮፌሰሩ ዱካው ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ እኛ ጠያቂ ሲመጣ እንደምናደርገው ማለት ነው። ጥያቄውን ፊደል በፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩለት። እሱም አንገቱን ሰበር አድርጎ ጠበቀኝ።

«በቀን ስንት ጊዜ ትበላለህ?»

«ስድስት ጊዜ። ሦስቱን ስብሰባ ላይ ነው።»

«ስብሰባው ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ ድህነት።»

«ድህነት ራሱ ስብሰባው ላይ ተገኝቶ ያውቃል?»

አቀረቀረ። «በየዓመቱ እንጠራዋለን። ቪዛ እየከለከሉት ይቀራል።»

«ታዲያ እናንተ እሱ ያለበት ብትሄዱስ?»

«ሄደን ነበር፣ እመቤቴ። ዶሮ አርዶ ተቀበለን። እሱ መሆኑን ሳናውቅ በልተን ተመለስን።»

ደነገጥኩ። የእኔን ቤት የሚል መስሎኝ ወረቀቱን ፊቴ ላይ ጋረድኩት። ከኋላ የተሰለፉት «ለእኛስ ተራ ይደርሰናል ወይስ ነገ እንመለስ?» እያሉ ያጉረመርማሉ። አንዷ ሊቅ «እኔ ከሩቅ ነው የመጣሁት፣ ልጅም አዝያለሁ» አለች፤ ያዘለችው ኮምፒዩተር ነበር። እትዬ ዘይነባ ፊሽካውን ነፉና «የዛሬው አልቋል፤ ጠያቂዋ የናሙና ሀብታም ቤት ትሄዳለች» አሉ።

ባጃጅ ተሳፈርኩ። ባጃጁን አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅና አንድ የልማት አማካሪ ከፊት ሆነው ይጎትታሉ። ከጎኔ አንዲት አህያ እግሯን አጣምራ ጋዜጣ ታነባለች።

«ቀስ በሉ፣ ዳገት ላይ አትንጠልጠሉ» አለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ዘንድሮ እኮ ጎበዝ ጎታች ጠፋ እህቴ።»

«ስንት ይጭናሉ?» አልኳት።

«ሦስት ኩንታል ላይ ማልቀስ ይጀምራሉ። እኔ ግን አልመታም። ስለ አያያዛቸው ኮርስ ወስጃለሁ።»

አማካሪው ዞር ብሎ «ውሃ እንኳን ብትሰጪን» አላት።

«ጥናት ላይ ነው» አለችውና ጋዜጣዋን ገለበጠች።

የዓለም አንደኛው ሀብታም አቶ ሞላልኝ ይባላል። ቤቱ ኮረብታ ያህላል፤ እሱ ግን በሩ ላይ የተቀደደ ሰሌን አንጥፎ፣ የተጣፈ ጋቢ ደርቦ ተኮራምቷል። አጥሩ ሥር ሰዎች ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ጠያቂዋ ስትሄድ ሰሌናችንን ይመልሱልን» አለው አንዱ። «ማታ የምንተኛው እሱ ላይ ነው።»

«ጋቢውንም» አለች ሌላዋ። «አባቴ ራቁቱን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።»

«እሺ አልኳችሁ እኮ። አሁን ዞር በሉ፣ ታያችኋለች» አላቸው አቶ ሞላልኝ። ከዚያ እኔን አየና ማቃሰት ጀመረ።

ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ብርድ ልብስ ለብሶ ተጋድሟል። ጎማው ይታያል።

«ያ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ላም ናት። ታማብኝ ነው።»

ላሟ መብራቷን ብልጭ ድርግም አደረገች፤ ከዚያ ሰፈሩን በሚያናጋ ድምፅ ጮኸች።

«ትኩሳቱ ሲነሣባት እንዲህ ያደርጋታል» አለኝ፤ ኪሱ ውስጥ አንድ ነገር ሲጫን ዝም አለች።

ከላሟ ወዲያ የመዋኛ ገንዳ ላስቲክ ተጎናጽፏል። ምን እንደሆነ ስጠይቀው ጣሪያው አፍስሶ ያጠራቀመው ነው አለኝ። ሚስቱ መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች። «ልጆቼ፣ እህቴ፣ አምስቱም በአንድ አውሮፕላን ተጣበው ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት» ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«ባለፈው አንድ ወር ምን ጎደለባችሁ?» ብዬ አነበብኩ።

«ምን ያልጎደለ አለ?» አለ አቶ ሞላልኝ። «ባሕር መካከል ያለች አንዲት ደሴት ዓይኔ ገብታ ነበር፤ ባለቤቱ አልሸጥም አለኝ። ከዚያ ወዲህ እህል አይወርድልኝም።»

እናት ነኝና አንጀቴ አልቻለም። ለሰርካለም መክሰስ ብዬ መቀነቴ ውስጥ የቋጠርኩትን ግማሽ ዳቦ ፈትቼ ሰጠሁት። ሁለት ጎርሶ ጨረሰውና «ሌላ የለም?» አለኝ።

ወረቀቱ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ቀርቶ ነበር። «ይበቃኛል ብለህ ታውቃለህ?»

አቶ ሞላልኝ ዞር አለ። ሚስቱን አየ፤ ሚስቱም ላሟን አየች። ከቤት ውስጥ ጠበቃ አስጠራ። ጠበቃው ሁለት ሻንጣ መጽሐፍ መሬት ላይ ገልብጦ ሲያገላብጥ ቆየና ላቡን ጠረገ።

«ይህ ጥያቄ ከዚህ በፊት ለደንበኛዬ ቀርቦ አያውቅም» አለኝ። «መልስ ለማዘጋጀት ቀጠሮ ይሰጠን።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ልጅ ልጁ።»

«ብሎ አያውቅም» ብዬ ጻፍኩ። የመጨረሻዋን ፊደል ስጽፍ ያለሁት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነበር።

እዚያ ደግሞ ሠራተኞቹ ከመስኮቱ ውጭ ተሰልፈዋል፤ ወንበሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ሊቀመንበሩ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል። «እህቴ፣ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ዛሬ እንኳ ፊርማሽን ባገኝ» አለኝ። አሳዘነኝና ማኅተሙን መፈለግ ጀመርኩ።

«ማኅተሙ ምሳ ወጥቷል» አለኝ የጠረጴዛው መሳቢያ።

«መቼ ይመለሳል?»

«እሱ እንደ ምሳው ነው።»

ከሠራተኞቹ ኋላ፣ ሰልፉ መጨረሻ ላይ፣ አንድ እርጥብ ነገር ቆሟል። ወለሉ ሁሉ ውሃ ሆኗል። ቀረብ ሲል ለየሁት። ምንጫችን ነው፤ ከገደሉ ሥር ወጥቶ፣ ከረጢት አንግቶ፣ የሚንጠባጠብ ማመልከቻ ይዞ መጥቷል።

«ዝውውር ፈልጌ ነው፣ ይመኙሻል» አለኝ። ድምፁ ለስላሳ ነው። «አርባ ዓመት ሙሉ ገደል ውስጥ ሠራሁ። አንድ ቀን እንኳ ቀርቼ አላውቅም። አሁን ሰርካለም ደጅ ብመደብ ደስ ይለኛል። ጠዋት ጠዋት ጀሪካኗን ደግፋ ቆማ ስታንቀላፋ አያታለሁ።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

«አንድ ቀን የሒሳብ ደብተሯ ወደቀባትና ገጹ እኔ ላይ ተዘረጋ። እኔም ላነበው ሞከርኩ፤ ግን አበላሸሁባት።»

«አሁኑኑ እፈርምልሃለሁ» ብዬ ብዕር ፈለግሁ። መሳቢያው ተንቋቋና አንድ ወረቀት ወርውሮ እጄን መታኝ።

«አይቻልም» አለ። «ውሃው ቅርብ ነው ብለሽ አምና መልሰሻል። ቅርብ ያለ ውሃ ወዴት ይዛወራል?»

«ውሸቴን ነው።»

«ውሸትሽ ማኅተም አለው። እውነትሽ አለው?»

«አንተው ማኅተሙ ምሳ ወጥቷል አልከኝ።»

«ስለዚህ ጉባኤው ፊት ቀርበሽ ትናገሪያለሽ። ምስክርሽ እዚያ ትጠብቅሻለች።»

ወደ ጉባኤው ስገባ አዳራሹ ጫፉ አይታይም። ከላይ «ለሁሉም የምትበቃ፣ ለነገም የምትተርፍ ዓለም» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ሊቃውንቱ መስሚያ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ወንበሮቹን የያዙት ዶሮዎች ናቸው። መድረኩ ላይ ሰብሳቢዋ ባጅ አንጠልጥላ ወረቀት ታስተካክላለች። ወዲያው አወቅኋት። አምና ያረድኳት ገብስማዋ ዶሮዬ ናት።

«ይመኙሻል፣ ደህና ነሽ?» አለችኝ።

«ደህና፣ ተመስገን። አንቺስ?»

«እንዳየሽኝ ነው።»

ሁለታችንም አፍረን መሬት መሬት አየን። ጉሮሮዋን ጠረገችና ሥራዋን ጀመረች።

«እኔ ስታረድ ከቤትሽ ምን ጎደለ?»

«እንቁላል» አልኩ። «ሰርካለም የምትበላው። ትምህርት ቤት ስትሄድ ቀቅዬ ደብተሯ መሐል እከትላት ነበር።»

«ለእንግዳው ምን አልሽው?»

«ምንም አልጎደለብንም።»

«ጻፉ» አለች። አሥራ አንድ አገር ጻፈ። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብላ ቀስ ባለ ድምፅ «አልቀየምሽም። በርበሬው ግን በዛ» አለችኝ።

ከአዳራሹ መካከል አንዲት የፈተና ጠረጴዛ አለች። ሰርካለም ጀሪካን እንዳዘለች ተቀምጣለች፤ ወረቀቱ ፊቷ ነው፤ እጇ ግን የጀሪካኑን ገመድ ስለያዘ መጻፍ አልቻለችም። መምህሯ ደወሉን አንሥቶ ሊመታ ተዘጋጅቷል። ምንጩ በር ላይ ከረጢቱን እንዳነገተ ይጠብቃል።

«አሁን ተናገሪ» አለች ዶሮዋ። «ውሃ ቀድቶ ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?»

ተነሣሁ። አሥር ጊዜ የጻፍኩት መልስ ምላሴ ላይ ነበር። ግን ቀና ስል ሁሉም ያየኛል። ከሩቅ አገር የመጡ እንግዶች ናቸው፤ ደክሟቸዋል፤ አንዱ ጫማው ተቀዷል። አፌ ተከፈተና «ተመስገን፣ ቅርብ ነው» አለ።

አሥራ አንድ አስተርጓሚዎች በአሥራ አንድ ቋንቋ ቅርብ ነው አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ምንጩ ከረጢቱን አስተካክሎ ቀስ እያለ ወደ ድልድዩ ማዶ መንገድ ጀመረ። መምህሩ ደወሉን ከፍ አደረገ። ሰርካለም ዞር ብላ አየችኝ፤ ተቆጥታ አልነበረም፤ እንደለመደችው ነው ያየችኝ። እሱ ከቁጣው ባሰብኝ።

«እንግዶቹ ምን ይሉኛል?» አልኳት ዶሮዋን።

«እኔን በልተው ምን አሉሽ?»

«ጣፈጠን አሉ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

«በቃ» አለችኝ።

«ሁለት ሰዓት ተኩል ነው» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። አስተርጓሚዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ግን አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አቃተኝ። «ገደሉ ያንሸራትታል። ልጄ ሒሳብ ያመልጣታል። ምግብም ይጎድላል፣ በተለይ ክረምት ሲገባ። ጣሪያዬ ያፈሳል፣ የእኔ እውነቱን ነው። የአምናው ወንበር የእኔ አይደለም። ብርጭቆውም የእትዬ ዘይነባ ነው።»

«ሁለቱ ተሰብረው ነው የተመለሱት» አሉ እትዬ ዘይነባ ከኋላ። «እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ለክብርሽ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ፕሮፌሰር ተነሣ። ኮቱን አውልቆ አጥፎ መሬት ላይ አስቀመጠና ከሰርካለም ጀርባ ጀሪካኑን ተቀበለ። «ልጄ፣ እኔ እወርዳለሁ። አንቺ ጻፊ» አላት። አቶ ሞላልኝ ጥግ ላይ ቆሞ «ይበ... ይበቃ...» እያለ ሲታገል ጠበቃው ሮጦ አፉን ያዘው። ሰርካለም እርሳሷን አነሣች። ከበሩ በኩል የሚንጠባጠብ ነገር ኮቴ ሰማሁ፤ ምንጩ መንገዱን አጥፎ እየተመለሰ ነው። በሊቃውንቱ መካከል አልፎ፣ ከረጢቱን አውርዶ፣ እግሬ ድረስ መጣ። «የትኛው ጥግ ልሁን?» ሲለኝ ቅዝቃዜው ጣቶቼን ነካኝና ነቃሁ።

ለካ ነጠላው ከእግሬ ተንሸራቷል። ከበሩ በኩል የኖላዊ ድምፅ መጣ። ሰኞ ሌላ ሥራ ስለገጠመው ዛሬውኑ ሊጨርስ መጥቷል። ሰርካለም የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን አስተካክላ፣ ደፍ ላይ ቆማለች።

«እናትሽን አትቀስቅሻት፣ ትረፍ» አላት። «የቀረችው የውሃዋ ጥያቄ ናት፤ አንቺው መልሺልኝ። ቀድቶ ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?»

«ቅርብ ነው» አለችው ልጄ። «አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው።»

ከአልጋው እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ጫማም አላደረግሁ። «ሁለት ሰዓት ተኩል ነው» አልኩ በሩ ላይ ደርሼ።

ኖላዊ ጣቱን ታብሌቱ ላይ እንዳንጠለጠለ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየ። «የትኛውን ልጻፍ?»

ሰርካለም ፊቷ ደም መሰለ። ባዶ እግሬን አየች፣ እሱን አየች።

«ይቅርታ፣ እማዬ ገና አሁን መንቃቷ ነው» አለችው። «ሕልም ላይ ናት።»

እሱም ፈገግ ብሎልኝ አሥርን ነካ።